የተላገው ቡፌ

«ቡፌው ለልጁ ይሁን። ልጅቷ ግን እንዳትሰማ።»

ኪኑኤ ይህን ስትሰማ ሰባት ዓመቷ ይሁን ስምንት፣ በእርግጥ አታውቅም። የበረዶ ወራት ነበር። ማሞቂያ ካለው ዝቅተኛ ጠረጴዛ ስር እግሯን ዘርግታ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ፣ የተኛች መስላ ነበር። ከወረቀቱ በር ወዲያ ሁለት ወንዶች የሩዝ አረቄ እየጠጡ ያወራሉ። አንዱ ያስላል። እናቷ ማድቤት ውስጥ ሣህን ያጥባሉ። የተናገረው አባቷ ይሁን አጎቷ እንጃ። ከዚያ በኋላም ሌላ ነገር ተብሎ ነበር። «ዛፉ» የሚል ቃል ነበረበት፤ «አንድ ቀን መሄዷ አይቀርም» የሚልም የነበረበት ይመስላታል። ከዚያ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ጠዋት ስትነቃ ቁርጥ ብላ የቀረቻት ያቺ የመጀመሪያዋ ንግግር ብቻ ነበረች። እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰክታ፣ ኪኑኤ አግብታ፣ ወልዳ፣ ባሏን ቀብራ፣ ፀጉሯ እስኪሸብት ድረስ አልወረደችም።

ዛሬም ታናሽ ወንድሟ ሾዞ ከአንድ ጎልማሳ ሠራተኛ ጋር ሆኖ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ቡፌ ከአሳንሰሩ እየጎተተ ሲያወጣ፣ ኪኑኤ የአፓርታማዋን በር ይዛ የምታስበው ስለዚያች ንግግር ነበር።

«ጫማህን አውልቅ!» አለችው።

«ሁለቱም እጄ ተይዟል፣ እትዬ። በጥርሴ ላውልቀው?»

«አፍህ ግን መቼም አይያዝ።»

ጎልማሳው ሳቀ። ሾዞ ተረከዙን በተረከዙ እየረገጠ ጫማውን አሽቀንጥሮ ጣለና ገቡ። ቡፌውን ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ኪኑኤ ቀድማ ባጸዳችው ግድግዳ ሥር አቆሙት። ሾዞ ገመዱን ፈትቶ ብርድ ልብሱን ገፈፈው።

ኪኑኤ ቀረብ ብላ አየችው።

እሷ የምታውቀው ቡፌ ጥቁር ነበር። ገጠር ባለው የእናቷ ቤት፣ ወለሉ መካከል በተቆፈረው ምድጃ ጭስ ከአያቷ ዘመን ጀምሮ ተጠብሶ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ። ከላይ ሁለት ባለ መስታወት ተንሸራታች በሮች፣ ከውስጥ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ያሉ መደርደሪያዎች፣ ከታች አራት መሳቢያዎች። የግራው መስታወት ድሮ ተሰብሮ በሌላ ደብዛዛ መስታወት ተተክቶ ነበር። የቀኙ ጠርዝ ደግሞ እናቷ በየቀኑ እየተደገፉት ሲነሱ እንደ ማንኪያ ጎድጉዶ ነበር። አሁን ፊቷ የቆመው እንደ ተላጠ ድንች ነጭ ነው። ሁለቱም መስታወቶች የጠሩ ናቸው። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው።

«አማረ አይደል?» አለ ጎልማሳው።

«ያው ነው?» አለች ኪኑኤ።

«ሌላ ከየት ይመጣል?» አለ ሾዞ። ይህን ሲል ገመዱን እየጠቀለለ ስለነበር አላያትም። ኪኑኤ ደግሞ አለማየቱን አየች።

ሾዞ ካሞ ከተማ ዳር አንድ አሮጌ የሩዝ መጋዘን ተከራይቶ፣ ባለቤቶቻቸው ከሞቱባቸው ቤቶች ያረጀ ዕቃ እየሰበሰበ የሚሸጥ ሰው ነው። እሱ «ጥንታዊ ዕቃ» ይለዋል፤ እሷ «ቁራሌው» ትለዋለች። የአባታቸውን የግድግዳ ሰዓት ለአንድ የውጭ አገር ሰው ሸጦ፣ ለእሷ የነገራት ሰዓቱ ባሕር ከተሻገረ በኋላ ነው። ቡፌውን ከገጠር ጭኖ ወደ አናጢው የወሰደውም እሱ፣ ከአናጢው የመለሰውም እሱ። አናጢውም የእሱ ወዳጅ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

«ሻይ አፈላልሃለሁ፣ ተቀመጥ» አለችው፣ ፊቱን ለማየት።

«ሥራ አለብኝ። ሌላ ቀን።»

ሾዞ ሻይ እምቢ ብሎ አያውቅም።

ይህን ጊዜ እናታቸው ወይዘሮ ዮሺኖ ከመኝታ ክፍሉ ወጡ። ኮታቸውን ለብሰው፣ በጨርቅ የቋጠሩትን ጓዛቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለዋል። እንዲህ ለብሰውና ቋጥረው ሲወጡ የመጀመሪያቸው አልነበረም። የገጠሩን ቤት ጣሪያ በረዶ ሰብሮት፣ ኪኑኤ ወደዚህ አፓርታማ ካመጣቻቸው ወዲህ፣ አመሻሽ ላይ ጫማቸውን አጥልቀው በሩ ሥር ይቀመጣሉ። «ብዙ አስቸገርኳችሁ፤ እንግዲህ ልሂድ» ይላሉ፣ እንደ እንግዳ ጎንበስ ብለው። ሁለት ጊዜ አምልጠው ወጥተዋል። በሁለተኛው የተገኙት ባቡር ማቋረጫው ላይ ነው፤ መዝጊያው ወርዶ፣ ደወሉ እየጮኸ።

ከዚያ በኋላ ነው የአረጋውያን መኖሪያው ነገር የመጣው። አንድ ክፍል ተለቆ ነበር። «ተራ የሚጠብቅ ብዙ ሰው አለ፤ እስከ ዛሬ ማታ ካላሳወቁን ለሌላ እንሰጠዋለን» ብለዋታል። ኪኑኤ መልስ ሳትሰጥ የቆየችው ቡፌውን ስትጠብቅ ነው። እናቷ አጠገቡ አርጅተዋል። ሲነሱ የሚደገፉት እሱን ነው፤ ኩባያቸው ያለው እሱ ውስጥ ነው። ቡፌው ካለ ቤቱ ቤታቸው ይሆናል ብላ ነበር።

እናቷ ወደ ቡፌው ቀረቡ። ቀኝ እጃቸውን ወደ ጠርዙ ላኩ፤ መዳፋቸው የለመደውን ጉድጓድ ፈልጎ አጣና ተንሸራቶ ወረደ። አንዱን መሳቢያ ሳቡ፤ ባዶ ነው። መልሰው ሲገፉት፣ ከሥሩ ያለው ሌላ መሳቢያ ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። እናቷ እሳት የነካቸው ይመስል እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይተነፍሳል» አሉ።

«ምን አልሽ፣ እማዬ?» አለች ኪኑኤ።

«የኔ አይተነፍስም ነበር።» ከዚያ ወደ ሾዞና ወደ ኪኑኤ ዞረው ጎንበስ አሉ። «ዕቃችሁ በጣም ያምራል። ሙሽራ ልታስገቡ ነው? እንኳን ደስ አላችሁ። እኔ እንግዲህ ልሂድ።»

ሾዞ ብርድ ልብሱን በብብቱ ሸጉጦ፣ አፉ ውስጥ የሆነ ነገር ተናግሮ ከሠራተኛው ጋር ወጣ። የቀን መዋያው ሚኒባስ ደርሶ ደወል ተደወለ። እናቷ «ወደ ቤት የሚወስደኝ መጣ» ብለው ደስ እያላቸው ወረዱ። በየጊዜው እንዲህ ነው የሚሄዱት፤ ማታ ሲመለሱ ነው የሚከፋቸው።

ኪኑኤ ብቻዋን ቀረች። ከአባቷ ፎቶ ፊት ተንበርክካ ትንሿን ደወል መታች፤ እጆቿን አጋጠመች። ዘወትር «ዛሬንም ጠብቀን» ነበር የምትለው። ዛሬ ሌላ ነገር ወጣት። «አባባ፣ ለእሱ ብለህ ነበር አይደል?» አለች። አባቷ ከፎቶው ውስጥ እንደ ልማዳቸው የካሜራውን ሰው አሻግረው ተመለከቱ።

ተነሥታ ቡፌውን ዙሪያውን መረመረችው። አሸተተችው፤ አዲስ እንጨት አዲስ እንጨት ይላል። በጣቷ አንኳኳችው። እናቷ ልጆቻቸውን ይረሱ ይሆናል፤ እጃቸው ግን ይረሳል? ሾዞና አናጢው ይህንን አዲሱን ሰጥተው፣ አሮጌውን እንደ ሰዓቱ ባሕር አሻግረውት ይሆናል። የሩዝ ብስኩት ፋብሪካው ውስጥ አብራት የምትሠራ ሴት ከተማ ቤት ለሠሩ ወጣቶች ጥቁር አሮጌ ቡፌ እንደ ወርቅ እየተፈለገ መሆኑን ነግራታለች፤ መጽሐፍና አበባ ይደረድሩበታል አሉ። ባሰበች ቁጥር ነገሩ ይበልጥ እየገጠመላት ሄደ። አለማየቱ። ሻይ አለመጠጣቱ። ብርድ ልብሱን ይዞ መሮጡ።

ኮቷን ለብሳ ወደ ባቡር ጣቢያ ወረደች።

የሾዞ መጋዘን በር ሁልጊዜ እንደ ተከፈተ ነው። ውስጡ እንደ ጎርፍ ያመጣው ነገር ነው፤ የተቆለሉ የእንጨት ሣጥኖች፣ ገመድ የያዛቸው ሣህኖች፣ አንገታቸው የተጣመመ ፋኖሶች፣ ማንም የማይጫወትባቸው የልጃገረዶች በዓል አሻንጉሊቶች። ሾዞ ጥግ ላይ ተቀምጦ የሩዝ ቂጣውን በባሕር ሣር ጠቅልሎ ይበላል። እሷን ሲያይ ጉንጩ ሞልቶ ቀረ።

«እትዬ! በምን መጣሽ?»

ኪኑኤ ግን ዓይኗ ከእሱ ጀርባ ካለው ነገር ላይ ወድቆ ነበር። የቡፌ ቁመት ያለው ነገር በዚያው በጠዋቱ ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ቆሟል። ብርድ ልብሱ አጠር ብሎ እግሮቹ ይታያሉ። እግሮቹ ጥቁር ናቸው።

«ይሄ ምንድነው?»

«እሱን ተይው።» ሾዞ ብድግ ብሎ በመካከል ቆመ። «እሱ ... ገና ነው። ነይ ወደ ፀሐይ እንውጣ። እንደ ቴምር የሚጣፍጥ የካኪ ፍሬ ሰጥተውኛል፣ ትበያለሽ።»

«ዞር በል።»

«እትዬ፣ ነገ ላሳይሽ ነበር እኮ ...»

«ዞር በል፣ አንተ ቁራሌ! የእናትህን ዕቃ በጠራራ ፀሐይ ሰርቀህ፣ የድንች ሣጥን አምጥተህ ትገትርልኛለህ? አልታወቀባትም ብለህ ነው? እሷ እንኳ አውቃለች! እጇ አውቋል!»

ሾዞ አፉ ውስጥ ያለውን በግድ ዋጠ። «ምንድነው የምትይው?»

«ላንተ እንደተሰጠ አውቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። 'ለልጁ ይሁን፣ ልጅቷ እንዳትሰማ' ሲሉ ሰምቻለሁ። ይኸው ስጦታህን ወሰድክ። ፊት ለፊት ብትጠይቀኝ እምቢ እልህ ነበር?»

ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ በዚህ ደግሞ ይበልጥ ተናደደች። ሾዞ ግን አፍጥጦ አያት፤ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ ነበር።

«ለኔ? ለኔ ነው ያልሽው? እኔ አንድ ጊዜ የእንጨት መኪናዬን እዚያ ውስጥ አስቀምጬ፣ አጎታችን ጆሮዬን ቆንጥጦ 'የእህትህ ነው፣ እጅህን አንሣ' ያለኝ ቁንጥጫ እስካሁን ይሞቀኛል! እኔ ስንት ዓመት ያንቺ ነው ብዬ በዓይኔም ሳልነካው ...»

«ትዋሻለህ።»

«አጎታችን ይነሳና ይመስክር።»

 ከሁለት አንዳቸው በተሳሳተ ነገር ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል፤ ወይም ሁለቱም። ከሙታን ወገን የሚጠየቅ አልነበረም። ኪኑኤ ምናልባት ግማሹን ሰምታ ግማሹን ራሷ ሞልታበት ይሆን የሚል ነገር ውል አላት፤ ግን ጥቁሮቹ እግሮች ፊቷ ቆመዋልና ወዲያው ገፋችው።

«ግለጠው።»

ሾዞ ብርድ ልብሱን ሳበው።

ቡፌው ጥቁር ነበር፤ የጭስ ጥቁር። አንደኛው መስታወት ደብዛዛ ነው። ኪኑኤ ተንደርድራ ሄዳ የቀኙን ጠርዝ በእጇ ዳበሰች፤ ለስላሳ ነው፣ ግን አልጎደጎደም። የግራውን ዳበሰች፤ ትንሽ ጎድጉዷል። በሩን ገፋች። መደርደሪያዎቹ ሁለት ሳይሆኑ ሦስት ናቸው። የመሳቢያዎቹ እጀታ የሌሊት ወፍ ቅርጽ አለው፤ የእነሱ ግን ክብ ቀለበት ነበር። ሌላ ቡፌ ነው። ወንድሟን በሌብነት ሊያስይዘው የነበረ ዕቃ ሌላ ሆኖ ሲገኝ ደስ ሊላት ሲገባ፣ ያለ ምርኩዝ እንደቀረ ሰው ሆነች።

«እሺ። የኛስ የት ሄደ?»

«ሳሎንሽ ነው ያለው! ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«ይሄንንስ ለምን ደበቅከው?»

ሾዞ ጭንቅላቱን አከከ። «ከአንድ ሟች ቤት ነው የገዛሁት። አናጢው ቤት ሄጄ የኛ ግማሹ ተልጎ ሳየው፣ እማዬ እንደማታውቀው ገባኝ። አናጢውን፣ ጋሽ ኢጋራሺን፣ 'እባክዎ ያቁሙት' አልኳቸው። 'ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር አድርጌ ልመልስ? ደግሞም እህትህ ራሷ ናት ያዘዘችኝ' አሉኝ።»

«እኔ? እኔ ምን አዝዣለሁ? 'አድሱት' ነው ያልኩት።»

«እንግዲያው እሳቸውን ጠይቂ። ሩቅ አይደሉ።»

«እጠይቃለሁ። አንተ ደግሞ ስልክ አትደውልላቸው። አብረን ነው የምንሄደው።»

«እጄን እሰሪው፣ ከፈለግሽ» አለ ሾዞ የመኪናውን ቁልፍ እያነሣ።

የጋሽ ኢጋራሺ ወርክሾፕ ወለል እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ በእንጨት ፍቅፋቂ ተሸፍኗል። ሽማግሌው የቡፌ በር ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው መላጊያቸውን ወደ ራሳቸው ይስባሉ፤ ከመላጊያው አፍ እንደ ወረቀት የሳሳ ነገር እየተጠቀለለ ይወጣል። የመጡበትን ነገር ሲሰሙ ሥራቸውን ሳያቆሙ፦

«ተቀይሯል ነው የሚሉት?» አሉ።

«እናቴ አላወቀችውም» አለች ኪኑኤ።

«አያውቁትማ። ኪሪ፣ ሴት ልጅ ስትወለድ ለሠርግ ዕቃዋ የሚተከለው ዛፍ፣ እንዲህ ነው። ቀላል እንጨት ነው፣ የጠቆረው ላዩ ብቻ ነው። ሲላግ ከሥሩ እንደ ሕፃን ሆኖ ይወጣል። በየጊዜው እዚህ መጥቶ 'ሌባ' የሚለኝ አይጠፋም። አንዷ እንዲያውም ፖሊስ ይዛ መጥታለች።» ሳቁ፤ ግን ሳቃቸው ደስታ አልነበረበትም። «መሳቢያው ሲገፋ ሌላው ወጣ? በደንብ ስለገጠመ አየሩ መሄጃ ሲያጣ ነው። ለኔ ይህ ምስጋና ነው።»

«እኔ እንዲህ ይሁን አላልኩም።»

ሽማግሌው አሁን መላጊያቸውን አስቀመጡ። «ደወልኩልዎ እኮ። 'እስከ ምን ድረስ ልላገው? ላዩን አጥቤ ልተወው፣ ጥቂት ላንሣለት፣ ወይስ እስከ ነጩ ልውረድ?' ብዬ ጠየቅሁ። ከኋላዎ ማሽን ይጮህ ነበር። 'ቤቱ አዲስ ነው፣ እሱም አዲስ ይምሰል' አሉኝ። ያ ደብዛዛ መስታወትስ ስል 'እሱንም ይጣሉት' አሉ። እኔ የሰው አደራ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ነው የምጠይቀው። ሁለት ጊዜም ጠይቄያለሁ።»

ኪኑኤ ፊቷ ጋለ። የስልክ ንግግሩ ትዝ አላት። ፋብሪካው ውስጥ የዕረፍት ሰዓት ላይ ነበረች፤ የብስኩት ማሽኑ ይጮሃል፤ ስለ ነጭ ሳሎኗ፣ ስለ ነጭ መጋረጃዋ እያሰበች «አዲስ ይምሰል» ብላለች። ደስ ብሏትም ነበር ስትል። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። ቢሆንም ጥርጣሬ እንደ ድመት ነው፤ በአንድ በር ብታስወጣው በሌላው ይገባል። ሁለቱ ተነጋግረው ቢሆንስ?

ሽማግሌው ፊቷን ያነበቡ ይመስል፣ «ቤትዎ ይግቡና የታችኛውን መሳቢያ ሙሉ በሙሉ ያውጡት። ጀርባውን ይመልከቱ። የማይታይ ቦታ አልልግም፤ እንጨት አባክኜ ምን አገኛለሁ?» ብለው መላጊያቸውን አነሡ።

በሾዞ ትንሽ የጭነት መኪና ኪኑኤ ወደምትኖርበት ወደ ኒጋታ ከተማ ሲመለሱ ብዙ አልተነጋገሩም። የታጨዱት የሩዝ ማሳዎች ላይ ነጫጭ ወፎች ይለቅማሉ። ሾዞ አንድ ጊዜ ብቻ «ሰዓቱን ስሸጥ ሳልነግርሽ መሸጤ ልክ አልነበረም» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ። እሷም «አልነበረም» አለችው። 

ቤት ገብታ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ቡፌው ፊት ተንበረከከች። የታችኛውን መሳቢያ ስባ ስባ አወጣችውና ጀርባውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

ጥቁር ነበር። ጥቁር፣ ቅባት የያዘው፣ የጭስ ሽታ ያለው። ጥጉ ላይ አንድ የቀለበት ቅርጽ ያለው ቃጠሎ አለ። ልጅ ሆና የወባ ትንኝ ማባረሪያውን ጥቅልል ለኩሳ፣ ማንም እንዳያይባት መሳቢያው ጀርባ ያስቀመጠችበት ቦታ ነው። ቤቱ ሊቃጠል ምንም አልቀረውም ነበር። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ በምድር ላይ የለም፤ ሾዞም ቢሆን።

መሳቢያውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቆየች። እናቷ ስንት ዘመን በመዳፋቸው የጻፉትን ሁሉ ከፍላ ያስፋቀችው ራሷ ናት። በወንድሟ ላይ ስትፈልገው የዋለችው ሌባ እሷው ነበረች።

«እህ?» አለ ሾዞ ከኋላዋ።

«የኛ ነው።»

«ተመስገን!» ብሎ ወለሉ ላይ ዘፍ አለ። «አሁን ሻይ ይገባኛል?»

ሻይ አፈላችለት። ጠጣ። ሁለተኛ ቀዳችለት። ከዚያ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ መሸሽ እያለ፦

«ያ መጋዘን ያለው ... ለእማዬ ብዬ ነው የገዛሁት። የሷ ነው ብለን ብናመጣላትስ? ጥቁር ነው። መስታወቱ ደብዛዛ ነው። የሻይ ዕቃዎቿን እንደ ድሮው እንደረድርበታለን። ሙሽራ ቤት ገባሁ ብላ ከምትሸሽ ...»

«ዋሽተን?»

«በሌላ ስም ጥሪው።»

«ሌላ ስም የለውም። ቀኑን ሙሉ 'ዕቃ ቀየርክብኝ' ብዬ ሌባ ሳደርግህ ዋልኩ። አሁን ከአንተ ጋር ተመሳጥሬ በእናቴ ላይ ዕቃ ልቀይር? የአባባ ፎቶ እያየኝ?»

«አባባ እኮ ውሻችን የሞተ ጊዜ ተመሳሳይ ውሻ አምጥቶልናል።»

«እኔ አውቄ ነበር።»

«እኔ ግን አላወቅሁም» አለ ሾዞ። «ደስ ብሎኝ ነው ያደግኩት።»

ኪኑኤ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ስልኩ ጮኸ። ከአረጋውያን መኖሪያው ነው። ሴትየዋ በትሕትና፣ ቀስ ብላ፣ መልሱን ጠየቀች። ኪኑኤ መሬት መሬት እያየች፣ «እናቴ የራሷን ቡፌ ይዛ ብትመጣ ይፈቀድላታል?» አለች። ሴትየዋ በጣም አዝናለሁ አለች። አልጋና አንዲት ትንሽ ሣጥን ካልሆነ ክፍሉ አይበቃም፤ ሌሎቹም እንዲሁ ነው የሚኖሩት፤ ቀስ በቀስ ይለምዱታል። «ይለምዱታል» የሚለው ቃል ኪኑኤ ጆሮ ውስጥ ቆየ። ባቡር ማቋረጫው ላይ ያገኘቻቸው ቀን የእናቷ እጅ እንዴት እንደቀዘቀዘ ትዝ አላት፤ የያዙት የማቋረጫውን ብረት ነበር፤ እንደ ቡፌው ጠርዝ ተደግፈውት።

«እንግዲያው እናቴ አትመጣም» አለች። «ክፍሉን ለሌላ ስጡት። እግዜር ይስጥልኝ።»

ስልኩን ዘጋች። ያለችው ነገር ከበዳት። አሁን መመለሻ የለም፤ እናቷ ነገም አመሻሽ ላይ ጫማቸውን ካጠለቁ፣ በሩን የምትጠብቀው እሷ ብቻ ናት።

ወደ አባቷ ፎቶ ሄዳ ተንበረከከች። ደወሉን አልመታችም። እጆቿን አጋጥማ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ቆየች። ሾዞ ኩባያውን አስቀመጠ።

«የሷ ነው ብዬ ከአፌ አላወጣም» አለች ተነሥታ። «አንተም አትልም። አምጥተን እናቆመዋለን፤ ኩባያዎቿን እንደረድራለን፤ እሷ ያለችውን ትበል። ከጠየቀችኝ እውነቱን እነግራታለሁ።»

«ካልጠየቀችሽስ?»

«ካልጠየቀችኝ አልጠየቀችኝም።»

«እሺ። ግን ሁለት ቡፌ እዚህ አይገባም፣ እትዬ።» ሾዞ ነጩን ቡፌ እያየ ሸሚዙን አስተካከለ። «ይሄ ወደኔ ይሂድ፤ መጋዘን ውስጥ ብርድ ልብስ ሸፍኜ አስቀምጥልሻለሁ።» ከጆሮው ጀርባ የአናጢ እርሳሱን አውጥቶ ዘረጋላት። «በይ፣ ከሥሩ ስምሽን ጻፊበት። ወይ ፎቶ አንሺው። የሆነ ቀን ስመልሰው ያው መሆኑን እንድታውቂ።»

ይህን ያለው ሳይስቅ ነው። ኪኑኤ እርሳሱን ተቀበለች። ነጩን እንጨት አየችው፤ አንዲት መስመር ብትሰነዝርበት ፍንትው ብላ የምትታይበት ነው። ወንድሟን አየችው። አሁን እያያት ነበር።

እርሳሱን መለሰችለት።

«ተወው፣ እንዲሁ ውሰደው» አለች። «ነገ ጠዋት እማዬ ሚኒባሱ ላይ ስትወጣ ና።»